«ከነገ ጀምሮ እሮጣለሁ!»… ያ ነገ መቼ ነው?

ይህችን ቃል ያላላት ማን አለ? ሱሪ አልዘጋ ያለ ቀን፣ ዳገት ወጥተን ልባችን ድው ድው ያለ ቀን፣ ጤና ጣቢያ ሄደን «ግፊትህ ከፍ ብሏል» የተባልን ቀን እንምላለን። ቱታ ይገዛል። ሸራ ጫማ ይገዛል። ሰኞ ይሮጣል። ማክሰኞ እግር እንደ እንጨት ደርቆ ያድራል። ረቡዕ ይዘንባል። ሐሙስ «አሁንማ ሳምንቱ ተበላሽቷል፣ ለሰኞ ይቆይ» ይባላል። ከዚያ ቱታው የቤት ልብስ ይሆናል፤ ጫማው ገበያ ይወጣበታል። አለቀ!

ለዚህ ሁሉ አንድ ስም አለን። «ስንፍና!» ጓደኛችንን «ሰነፍ» እንለዋለን፣ እናታችንን «ምን ላድርግሽ፣ አትሰሚኝ» እንላታለን፣ መስተዋት ፊት ቆመን ራሳችንንም እንሰድባለን። ታዲያ ስድቡ ማንን አስሮጠ? ማንንም! እንዲያውም የሰው ልጅ ለምን አንድን ነገር ጀምሮ እንደሚቀጥል፣ ለምንስ እንደሚተው ለዓመታት ያጠኑ የሥነ ልቦና ምሁራን የሚነግሩን ሌላ ነገር ነው። ሰው የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የጀመረበት ምክንያት የራሱ ስላልሆነ ነው።

እስቲ ነገሩን ከአዲስ አበባ ራቅ አድርገን እንየው።

ሺሺንዳ ላይ ማን ይሮጣል?

ሺሺንዳ በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። አገሩ የቡና አገር ነው። ደኑም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው። ማር፣ እንሰት፣ ቅመማ ቅመም ሞልቷል። ዝናቡማ ወሬ የለውም። ሌላው አገር በጋ ብሎ አቧራ ሲቅም፣ ካፋ ጃንጥላ አይለቅም። «ነገ ዝናብ ካልጣለ እሮጣለሁ» ያለ የካፋ ሰው ስንት ቀን እንደሚሮጥ መገመት አያቅትም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት እንውሰድ። ስም አያስፈልገውም፤ እንደሱ ያለ በየከተማው አለና። አባቱ ገበሬ ናቸው። ከማሳ ማሳ፣ ከደን ገበያ ሲመላለሱ ነው የኖሩት። «ስፖርት ይሥሩ» ቢባሉ ይስቃሉ። ልጁ ግን ተማረ፣ ዲፕሎማ ያዘ፣ መሥሪያ ቤት ገባ። ጠዋት በባጃጅ ይሄዳል፣ እስከ ማታ ወንበር ላይ ይውላል፣ ማታ ኳስ ያያል። ልብ አድርጉ፤ ያያል እንጂ አይጫወትም። ያባትየውን ምግብ ይበላል፣ ያባትየውን ጉልበት ግን አያወጣም። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ቦርጭ ብቅ ይላል። ዘመድ ደግሞ «ተመስገን! ልጃችን ሰው ሆነ፣ ተመቸው!» ይላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር በእግር መሄድ ስሙ ጥሩ አይደለም። በእግር የሚሄድ የባጃጅ ያጣ ነው። ላብ የድካም፣ ቦርጭ የድሎት ምልክት ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። በጠዋት ሲሮጥ የታየ ጎልማሳ «ምን ሆነ? ማን አባረረው?» ይባላል። ሴት ልጅ ከሆነችማ ለከፋው፣ ዓይኑ፣ «ይቺ ደግሞ ቁምጣ ለብሳ…» የሚለው ሐሜት ራሱ ከአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ በላይ ያደክማል። ታዲያ ይህን ሁሉ ተሸክሞ በሦስተኛው ቀን ያቆመን ሰው ሰነፍ እንበለው?

ሾፌሩና ረዳቱ

«ኧረ መቀመጥስ ምን አደረገ? አያቶቼ ስፖርት ሳያውቁ ዘጠና ዓመት ኖረው የለ?» የሚል አይጠፋም። አያትዎ ስፖርት አያውቁ ይሆናል፤ ወንበርም ግን አያውቁም!

ነገሩን በደንብ ያሳየው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ ነው። ሞሪስና ባልደረቦቹ የለንደንን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አጠኑ። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ የሚውሉት አንድ አውቶቡስ ላይ ነው፤ የኑሮ ደረጃቸውም ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ውጤቱ ሲወጣ ትኬት ቆራጮቹ ከሾፌሮቹ ይልቅ በልብ ሕመም የመጠቃት ዕድላቸው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኛም አገር «ሞልቷል፣ ሳበው!» እያለ በር ላይ ሲዘል የሚውለው ረዳት፣ ሳያውቀው ከጌታው ከሾፌሩ የተሻለ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ዛሬ ጉዳዩ የዓለም ራስ ምታት ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ እንዳደረገው፣ በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ የሚበቃውን ያህል አይንቀሳቀስም። ከወንዶቹ 29 በመቶ ሲሆኑ ከሴቶቹ 34 በመቶ ናቸው። የሴቶቹ ቁጥር ለምን እንደበለጠ ሺሺንዳ ያለችውን ልጅ ጠይቋት፤ ከላይ የጠቀስነውን ለከፋ ታስታውሳችኋለች።

ለመሆኑ የሚበቃው ስንት ነው? ያው ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው። ጠንከር ያለ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ይጨመርበት። መካከለኛ የሚባለውን ለመለየት ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልክ ነው። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ የድሮው «ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ» የሚለው ደንብ ቀርቷል። አምስት ደቂቃም ብትሆን ትቆጠራለች።

«10 ሺህ እርምጃ ካልሄዳችሁ ዋጋ የለውም» ያላችሁንም አትስሙት። ያ ቁጥር ከሐኪም አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1965፣ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት፣ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው፤ ትርጉሙም «የ10 ሺህ እርምጃ ቆጣሪ» እንደማለት ነው። ማስታወቂያው ደንብ ሆኖ ቀረ!

ሽልማት ሲያበላሽ

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ሰውን ምን ያንቀሳቅሰዋል? ማስፈራራት? ገንዘብ? ስድብ?

እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋለ ሕፃናት አንድ የታወቀ ሙከራ ተደረገ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ተመረጡ። ለአንደኛው ቡድን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሌሎቹ ያለ ምንም ተስፋ ሣሉ። ከቀናት በኋላ ቀለሙ እንደገና ሲቀርብላቸው፣ ሽልማት ተስፋ የተሰጣቸው ልጆች በመሣል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ሆነ። ለምን? ጨዋታ የነበረው ሥራ ሆነባቸዋ! ደመወዙ ሲቀር ሥራውም ቀረ።

ኤድዋርድ ዲሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ከዚህ ዓይነቱ ጥናት ተነስተው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 «የራስ ውሳኔ» የሚባለውን ንድፈ ሐሳብ በመጽሐፍ አወጡ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው አንድን ነገር ጸንቶ እንዲይዝ ሦስት ነገር ይፈልጋል። «እኔ መረጥኩት» ማለት፣ «እችለዋለሁ» ማለት፣ «ብቻዬን አይደለሁም» ማለት።

ይህ ማለት ሽልማት ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለመጀመር ሊያነሳሳ ይችላል። ለሠርግ ቀን ብላ የምትሮጥ ሙሽራ ትሮጣለች፤ ግን ሠርጉ ያልፋል። ማግስቱን የሚያስሮጣት ምንድን ነው? ጥያቄው ይሄ ነው። ስድቡስ? «ቦርጫም» ያልነው ሰው ቢሮጥ እንኳ የሚሮጠው ከኛ ለመሸሽ ነው። ከሸሸ በኋላ ይቀመጣል።

አንደኛ፦ እኔ መረጥኩት

ስፖርት ሲባል ወዲያው ሩጫ የሚታየን ለምንድን ነው? ጥፋቱ የጀግኖቻችን ነው መሰል! አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ፤ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ አጠለቀች። ከዚያ ወዲህ እኛ ኢትዮጵያውያን በሩጫ የምንኮራ፣ ግን ቁጭ ብለን የምናይ ሕዝብ ሆንን። ሩጫ የማይወድ ሰው «እንግዲያው ስፖርት ለኔ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል።

ማን አለ? ጭፈራ ስፖርት ነው፤ እስክስታ ያላሰለበው ትከሻ ካለ አሳዩን። ገመድ መዝለል፣ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ብስክሌት፣ መረብ ኳስ፣ ጓሮ መቆፈር፣ ሁሉም ይቆጠራል። ካፋ ውስጥማ ዳገቱና ደኑ ራሱ የተፈጥሮ ጂም ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም። ቁም ነገሩ ምርጫው የሚሠራው ሰው መሆኑ ነው። ባልየው የመረጠላት ሚስት፣ አለቃው ያዘዘው ሠራተኛ፣ ልጁ የገፋፋው አባት ሳምንት አይቆዩም።

ሁለተኛ፦ እችለዋለሁ

አብዛኛው ሰው የሚሞተው ሰኞ ዕለት ነው። አምስት ዓመት የተቀመጠ እግር በአንድ ጠዋት አምስት ኪሎ ሜትር ይጠየቃል። እግሩ በማግስቱ «ተበደልኩ» ይላል። አእምሮም «ይህ ነገር ሥቃይ ነው» ብሎ ይመዘግባል።

ስለዚህ ጅማሮው የሚያስቅ ያህል ትንሽ ይሁን። አሥር ደቂቃ። ከባጃጁ አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ መውረድ። በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ አምስት። «ትናንት እዚህ ጋ አርፌ ነበር፣ ዛሬ አላረፍኩም» የምትለዋ ትንሽ ድል ከምስክር ወረቀት ትበልጣለች። ልማድም በሳምንት አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ውስጥ በ96 ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ ልማድ ያለ ትግል በራሱ እስኪሄድ በአማካይ 66 ቀን ወስዷል። ፈጣኑ በ18 ቀን ለምዷል፤ ለዘገምተኛው ግን 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተገምቷል። አንድ ቀን ማለፍም ልማዱን አላፈረሰም። ስለዚህ የረቡዕ ዝናብ ሳምንቱን አላበላሸውም! ያበላሸው «ለሰኞ ይቆይ» የምትለዋ ቃል ናት።

ሦስተኛ፦ ብቻዬን አይደለሁም

ይቺ ለኛ አገር ሰው ዋናዋ ሳትሆን አትቀርም። እኛ ብቻችንን ቡና የማንጠጣ ሕዝብ ብቻችንን ሩጡ ስንባል እንዴት እንችላለን?

ታላቁ ሩጫን ተመልከቱ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ተሳተፈ፤ በኋላ ቁጥሩ ከ40 ሺህ አለፈ። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ለዋንጫ ነው የሚወጣው? ለሽልማት የሚሮጠው ጥቂት ነው። የቀረው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ፣ እየጨፈረ፣ እየዘፈነ፣ ሲደክመው እየተራመደ የሚሄድ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲከፈትም፣ ሕፃናት ኳስ ይዘው፣ ወጣቶች ስኬት አጥልቀው፣ አዛውንት በዱላ ወጥተዋል። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር አብሮ የሚወጣ ሰው መገኘቱና «ምን ሆነ?» የሚል ዓይን መጥፋቱ ነው። አምስት ሰው አብሮ ሲሄድ ሐሜተኛ ያፍራል።

ይህን ለማድረግ ደግሞ አዲስ ማኅበር መፍጠር የለብንም። ዕድር አለ፣ ዕቁብ አለ፣ የቡና ጎረቤት አለ። ለምሳሌ የሰፈር እናቶች ቡና ሊጠጡ ሲጠራሩ፣ ከአቦል በፊት አንድ ዙር ሰፈሩን ዞረው ቢገቡ ምን ይላቸዋል? ወጣቶችስ «የእንቅስቃሴ ዕቁብ» ቢጥሉ? ገንዘብ አያስፈልግም። ዕጣ የደረሰው የዚያን ሳምንት ጨዋታ ይመርጣል፤ አንዱ ኳስ፣ አንዱ ዳገት፣ አንዷ ጭፈራ። አደራ ግን ቅጣት እንዳታስገቡበት! «የቀረ 20 ብር» ተብሎ የተጻፈ ቀን ነገሩ ከደስታ ወደ ግዴታ ይዞራል። ሰውም ብሩን ከፍሎ ይተኛል።

ለሁሉም አንድ መድኃኒት የለም

ካፋ ውስጥ ካፋው፣ ማንጆው፣ ጫራው፣ ናኦው፣ በሠፈራ፣ በንግድና በሥራ የመጣውም ሌላው ወገን አብሮ ይኖራል። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው ጎረቤት ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ ፖስተር ለጥፎ «ስፖርት ለጤና!» ማለት አይበቃም።

ሌሊት ተነስታ ውኃ የቀዳች፣ እንሰት የፋቀች፣ ሸክሟን አዝላ ገበያ የወጣች እናት ስፖርት አያስፈልጋትም፤ ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት። «ሩጪ» የሚላት ሰው ይልቅ ጀሪካኗን ይቀበላት፤ ለሱም ስፖርት ይሆነዋል። ከተማ ላለችው ወጣት ደግሞ የሚያስፈልጋት ምክር ሳይሆን አብራት የምትሄድ ጓደኛና የማይለክፍ መንገድ ነው። ወንድሞች፣ ይቺ ለእናንተ ናት! በጾም ወራት ሰው በባዶ ሆዱ ዳገት አይውጣ፤ ጿሚው ከማፍጠሪያው በፊት በቀስታ ቢራመድ ወይም ከበላ በኋላ ቆይቶ ቢንቀሳቀስ ይሻለዋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ግን ስለ ጾሙም ስለ እንቅስቃሴውም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

አንድ ከባድ ነገርም አለ። ማንጆዎች ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ ከሰው ቤት እንዳይገቡ ሲገለሉ መኖራቸው ብዙ የተጻፈበት ጉዳይ ነው። እንግዲህ «ብቻዬን አይደለሁም» ማለት ሰውን ካጸና፣ መገለል ደግሞ ሰውን ከሜዳ ያስወጣል ማለት ነው። ቡድን ስታቋቁሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ኳስ የማይቀበለው ማን ነው? ከጨዋታው በኋላ ሻይ ሲጠጣ ማን ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው? ስፖርት አንድ ያደርጋል የሚባለው እውነት የሚሆነው ሻዩ ላይ ነው።

ብዙ ዓይነት ሕዝብ ባለበት ቦታ ነገሩ እንደሚሠራ ደግሞ ማስረጃ አለ። አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ በተቃረቡ 3,234 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ከተሳታፊዎቹ ግማሽ የሚጠጉት ጥቁሮች፣ ሂስፓኒኮች፣ እስያውያንና የአገሬው ተወላጆች ነበሩ። አንደኛው ቡድን ክብደት እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ አንድ አንድ አማካሪ ተመደበለት። አማካሪው ምክሩን ከየሰው ባህልና ኑሮ ጋር ያስማማ ነበር። በዚህ ቡድን በስኳር የተያዘው ሰው ቁጥር መድኃኒት ከማይሰጠው ቡድን በ58 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒት የወሰዱት የቀነሰላቸው በ31 በመቶ ነው። እግር ኪኒንን በለጠ ማለት ነው!

እናቴን እንዴት ላንቀሳቅሳት?

«እኔስ እሺ፣ እማዬ ግን አትሰማኝም» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ሐኪሟ ስለ ግፊቷ ነግሯታል፣ እናንተም ቀን ከሌት ትነዘንዟታላችሁ፣ እሷ «እሺ ልጄ» ብላ ትቀመጣለች።

ዊልያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 በመጠጥ ሱስ የተያዙ ሰዎችን ሲያማክር የታዘበውን ጻፈ። ሰውን በጫኑት ቁጥር ያለበትን ይበልጥ ይከላከላል። ምክንያቱን ከራሱ አፍ ሲሰማ ግን ይለወጣል። ከዚህ ዘዴ አንዷን እንዋስ።

እንበልና እናታችሁን እንዲህ ትጠይቃላችሁ፦ «እማዬ፣ በእግር መሄድ ለአንቺ ምን ያህል ያስፈልግሻል? ከዜሮ እስከ አሥር ስጪው።» እሷም «እኔ እንጃ… አራት» ትላለች። አሁን «ለምን አሥር አላልሽም?» ብትሏት ሰበብ ትደረድራለች፤ ጉልበቴ፣ ጭቃው፣ እንግዳው። ጥያቄውን ገልብጡት። «ለምን አንድ ወይም ዜሮ አላልሽም?» በሏት። ያኔ ምክንያቱን እሷው ታወጣዋለች፦ «ኧረ ስሄድ ወገቤ ይፈታል። ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ሳላርፍ ብወጣ ደስ ይለኛል።» አያችሁ? ስለ ግፊት አላወራችም። የሷ ምክንያት ዳገቱ ነው። እንግዲህ ስለ ግፊት መነዝነዙን ተዉና ስለ ዳገቱ አውሩ። «ነገ አብሬሽ ልምጣ?» በሉ። ዝም ብላችሁም አብራችሁ ሂዱ።

ለአባትም፣ ለእህትም፣ ለፍቅረኛም ይሠራል። ለራሳችሁም ጠይቁ፤ ለብቻችሁ ስትሆኑ ማንም አይስቅባችሁም።

ጥቂት የሚያዙ ነገሮች

ዝናቡን አስቀድማችሁ አስቡበት። «ካልዘነበ እሮጣለሁ» ሳይሆን «ከዘነበ ቤት ውስጥ ገመድ እዘላለሁ፣ ካልዘነበ እወጣለሁ» በሉ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ያጠናው ይህን ነው፦ መቼ፣ የት፣ እንዴት እንደሚያደርግ አስቀድሞ የወሰነ ሰው፣ ዝም ብሎ ከተመኘው ሰው ይበልጥ ያደርገዋል።

ከለመዳችሁት ነገር ጋር እሰሩት። ከሥራ ስትወጡ፣ ከቡና በፊት፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ መልስ።

ሰዓቱን ለደኅንነታችሁ ምረጡ። ጎህ ሳይቀድ ብቻን መውጣት ግዴታ አይደለም፤ የማታ አሥራ አንድ ሰዓትም ሰዓት ነው።

ቱታና ጫማ እስኪገዛ አትጠብቁ። ባላችሁ ልብስና ባላችሁ ጫማ ተራመዱ። ቱታው ሁለት ወር ለጸና ሰው የራሱ ስጦታ ይሁን።

ደረታችሁን የሚያማችሁ፣ ራስ የሚያዞራችሁ፣ የልብ ሕመም እንዳለባችሁ የተነገራችሁ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ጠንከር ያለ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ። እየተንቀሳቀሳችሁ ደረታችሁን ካመማችሁ ግን ወዲያው አቁሙና ታከሙ።

ደግሞም ቁጠሩ፤ ኪሎውን ግን አይደለም። ሚዛን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ አንዳንዴም ይዋሻል። ይልቅ እንቅልፋችሁን፣ ትንፋሻችሁን፣ ሳታርፉ የወጣችኋትን ዳገት ቁጠሩ።

ታዲያ ያ ነገ መቼ ነው? እንግዲህ «ነገ» ከማለታችሁ በፊት ሦስቱን ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ። ይህን እኔ ነኝ የመረጥኩት ወይስ ሌላ ሰው? ለዛሬ አቅሜ ልክ ነው? ማን አብሮኝ ይሄዳል? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ምናልባት አሁን አጠገባችሁ ተቀምጧል፤ እሱም በሆዱ «ከነገ ጀምሮ…» እያለ ይሆናል። ጋዜጣውን አጥፋችሁ «ና እስቲ፣ እዚያ ዘንድ ደርሰን እንምጣ» በሉት። አሥር ደቂቃ ነው። ቢዘንብም ጃንጥላ አለ።